የተሰቀለና የቆመ ዕቃ
(ስለ ምድር መናወጥና በቤት ውስጥ ስላለ ንብረት)

ምድር ስትናወጥ የግዕዝ ሊቃውንት ነገሩን «ድልቅልቅ» ይሉታል። ቃሉ ሲነገር ፊደላቱ እየተመለሱ ስለሚንኳኩ፥ በግምጃ ቤት የተደረደረ ዕቃ እርስ በርሱ ሲጋጭ የሚሰማ ይመስላል። ብዙ ሰው ግን ስለ ድልቅልቅ ሲነገር የሚያስበው የተራራውን መሰንጠቅና የግድግዳውን መናድ ነው፤ በግድግዳው ውስጥ ያለውን ሳጥኑን፥ ጋኑን፥ መጽሐፉንና መብራቱን የሚያስብ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ቤቱ ሳይፈርስ ዕቃው ብቻ ወድቆ ሰው የሚቈስልበት፥ የብዙ ዘመን ቅርስም በአንድ ደቂቃ የሚሰበርበት ጊዜ አለና፥ የአገራችን ሰው ዕቃውን በቤቱ ውስጥ እንዴት ያኖር እንደ ነበረ ዛሬም እንዴት እንደሚያኖር፥ የላስታን አገር መነሻ አድርገን ጥቂት እንጽፋለን።

አሸተን ማርያም ከላሊበላ ከተማ በላይ፥ ከባሕር ወለል ከ3 ሺህ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ፥ በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ወገን ከዓለት ተፈልፍላ የተሠራች ናት። በትውፊት እንደሚነገረው ሥራዋን ንጉሥ ላሊበላ ጀመረው፤ ንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ፈጸመው። ወደ እርስዋ የሚወጣ ሰው በእግሩ ወይም በበቅሎ ዳገቱን ተያይዞ፥ በመጨረሻ ዓለቱ ተቈርጦ በተበጀው ጠባብ መተላለፊያ ይገባል። ካህናቱ ለተሳላሚውና ለእንግዳው አውጥተው የሚያሳዩት መስቀል፥ ሥዕልና የብራና መጽሐፍ በዚህ ከፍታ ላይ የሚጠበቅ ነው።

እንዲህ ያለውን ቤት ያየ ሰው «ከዓለቱ ጋራ አንድ አካል የሆነን ምን ያናውጠዋል?» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ የተፈለፈለ ቤት ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተደርድሮ እንደ ተሠራ ቤት የሚለያይ መጋጠሚያ የለውም። የሥነ ምድር ዐዋቂዎችም እንደሚያስረዱት፥ በጽኑ ዓለት ላይ ያለ ቤት በደለል መሬት ላይ ካለው ያነሰ ይናወጣል። ነገር ግን እነዚሁ ዐዋቂዎች የተራራ ጫፍ ከሥሩ ካለው ሜዳ ይልቅ እንደሚወዛወዝ ደግሞ ያስተምራሉ። ስለዚህ አሸተን አንዱን ጥቅምና አንዱን ጉዳት በአንድነት ይዛለች። ደግሞም ቤቱ ዓለት ሆነ ማለት፥ በውስጡ ያለው ዕቃ ዓለት ሆነ ማለት አይደለም።

የላስታ ደጋ ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ በወልድያና በቆቦ በኩል እየወረደ፥ ከዚያም በኋላ ወደ አፋር ቆላ ይዘቀዝቃል። ይህ ጠርዝ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ምድር የተሰነጠቀችበት ቦታ ነው። የዓረብ ምድር፥ የአፍሪካ ምድርና በምሥራቅ ያለው የሶማሌ ምድር በአፋር ላይ ሦስት ሆነው ይለያያሉ። የመለያየታቸውም መጠን በስምጥ ሸለቆው በኩል በዓመት ከ5 እስከ 6 ሚሊሜትር ያህል እንደሚሆን በሳተላይት መሣሪያ ተለክቷል፤ በአፋር ሰሜን ግን ከዚህ ይበልጣል። የሰው ጥፍር ከሚያድገው ያነሰ ነገር ነው፤ ነገር ግን እየተጠራቀመ ቈይቶ በአንድ ጊዜ ሲለቀቅ አገር ያናውጣል።

ይህን ነገር በትጋት ሰብስበው የጻፉልን አባ ፒየር ጉዋን የተባሉ የካናዳ ተወላጅ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ናቸው። እርሳቸው በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድርን መናወጥ የሚመዘግበውን ተቋም አቋቋሙ፤ ኋላም የነገሥታቱን ዜና መዋዕልና የመንገደኞቹን ማስታወሻ መርምረው የኢትዮጵያንና የአካባቢዋን የምድር መናወጥ ታሪክ በፈረንጆች ቍጥር በ1979 አሳተሙ። ጸሓፊዎቻችን ንጉሡ የሄደበትንና የተዋጋበትን ሲጽፉ አልፎ አልፎ «ምድር ተናወጠች» ብለው ያለፉትን አንድ መስመር፥ ለሳይንስ የሚጠቅም ምስክር አድርጎ ማውጣት ቀላል ሥራ አይደለም። ዜና መዋዕል ለጦርነት ብቻ የሚነበብ የሚመስለው ሰው ይህን ቢያስተውል መልካም ነበረ።

ከታወቁት ሁሉ አስቀድመን የአንኮበሩን እናነሣለን። በ1835 ዓ.ም. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፥ የእንግሊዝ መልእክተኛ ሃሪስ በሸዋ ሳለ፥ ምድር ተናውጣ በዝናም የራሰው የተራራው ጎን ተንሸራተተ፤ ቤቶችንም ከነሰዎቻቸው ወሰደ። እንዲህ ባለው ጊዜ ዕቃን ማሰር አይረባም፤ ቤቱ የተሠራበት ቦታ ራሱ ሄዷልና። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም. ደግሞ በላንጋኖ ሐይቅ አካባቢ የተነሣው ታላቅ መናወጥ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ብርቱ ሆኖ ተሰማ። ነሐሴ 8 ቀን 1913 ዓ.ም. ምጽዋ ተናወጠች፤ የወደብዋም ሕንፃዎች ተጐዱ።

ለላስታ ሰው ግን ከሁሉ ይልቅ ሊያስበው የሚገባው የካራ ቆሬው ነው፤ በዚያው በደጋው ጠርዝ ላይ ከላስታ በስተ ደቡብ የሆነ ነውና። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት መጨረሻ ጀምሮ ምድር ደጋግማ ተናወጠች፤ ብርቱው ግንቦት 24 ቀን ሆነ። ማጀቴ ፈረሰች፤ በካራ ቆሬም ከቤቶቹ ግማሽ የሚጠጋው ወደቀ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ተሰነጠቀ፥ ናዳም ወረደበት። የሕዝቡን ልብ ያደከመው ግን የመጀመሪያው ብርታት ብቻ አይደለም፤ ከእርሱ በኋላ ለወራት ሳይቋረጥ መከተሉ ነው። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋር የነበረችው ሰርዶ ፈጽማ ፈረሰች፤ ሰዎችም ሞቱ። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ ተራራ አጠገብ ምድር እስከ 60 ኪሎ ሜትር በሚደርስ ርዝመት ተከፈተች፤ በአንዳንዱ ቦታ የመለያየቱ ስፋት እስከ 8 ሜትር ደረሰ።

የቅርቡን ሁሉም ያስታውሰዋል። ከ2017 ዓ.ም. መግቢያ ጀምሮ በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ፥ በአዋሽና በመተሐራ በኩል ምድር ያለ ዕረፍት ተናወጠች። ታኅሣሥ 26 ቀን በሬክተር መለኪያ ወደ 5.8 የሚጠጋ፥ የካቲት 7 ቀን ደግሞ 6 የደረሰ ሆነ። በአሥር ሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተነሥተው ወደ ሌላ ስፍራ ተወሰዱ። በአዲስ አበባም በፎቅ ቤት የሚኖር ሰው ሌሊት ከእንቅልፉ እየነቃ፥ የተንጠለጠለው መብራት ሲወዛወዝ የብርጭቆውም ሳጥን ሲንኳኳ እየሰማ በደረጃ ወደ ውጭ ይወጣ ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን ውስጥ እንግባ።

ዱሮ በላስታ ባለጸጋ የሆነ ሰው ቤቱን በድንጋይ ክብ አድርጎ ባለ ደርብ ይሠራዋል፤ በሣርም ይከድነዋል። በውስጡ ያለውን ዕቃ ብንመለከት በሁለት ወገን የተከፈለ ሆኖ እናገኘዋለን። አንዱ ወገን ከምድሩና ከግድግዳው ጋራ የተጣበቀ ነው። መደቡ ከጭቃ የተሠራ ስለ ሆነ አይወድቅም፤ ጋኑ በማቶት ውስጥ ተደላድሎ ይቀመጣል፤ ትንንሹ ዕቃ በግድግዳው ውስጥ በተቦረቦረው ቦታ ይገባል። ሁለተኛው ወገን የተሰቀለ ነው። ቅሉ፥ አገልግሉ፥ ስልቻው፥ ጋሻው፥ ጐራዴው፥ መሰንቆው፥ ከሁሉም ይልቅ መጽሐፉ በግድግዳው ላይ ከተተከለ እንጨት ወይም ከኩላብ ላይ ይንጠለጠላል። ከእነዚህ ከሁለቱ ወገን ያልሆነ፥ ረዥም ሆኖ በጠባብ እግር የሚቆም ዕቃ በአሮጌው ቤት እምብዛም አይገኝም ነበር። ከዚህ የሚወጣው ጎታው ብቻ ነው፤ እርሱም ከጭቃና ከጭድ የተሠራ ሆኖ እህል ሲሞላ ከባድ ነውና፥ ቢገለበጥ በአጠገቡ ለተኛ ሰው ክፉ ነው።

ይህ አኗኗር ከድልቅልቅ ፍርሀት የመጣ ነው ብለን ልንመሰክር አንችልም። ሰው መጽሐፉን የሰቀለው ከአይጥ፥ ከምስጥና ከርጥበት ሊያድነው ነው፤ ጋኑን በማቶት ያደላደለው ጠላው እንዳይደፋበት ነው። ሆኖም ለአንድ ነገር የተዘጋጀ ብልኀት ለሌላው ሲረባ ማየት አዲስ ነገር አይደለም።

የመጽሐፉን ነገር ጥቂት እንዘርዝረው። የብራና መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ይጠረዛል፥ በድጉስ ቈዳም ይሸፈናል፤ ከዚያ በማኅደር ውስጥ ይገባል። ማኅደሩ ከወፍራም ቈዳ የተሰፋ ሆኖ ማንገቻ አለው፤ ተማሪው ሲሄድ በትከሻው ያነግተዋል፥ ሲገባ በግድግዳው ይሰቅለዋል። ይህ ልማድ ከአገራችን ወጥቶ በባዕድ ምድር እንኳ ሳይቀር ከመነኮሳቱ ጋራ ኖሯል። ሮበርት ከርዞን የተባለ እንግሊዛዊ በፈረንጆች ቍጥር በ1837 ወደ ግብፅ ሄዶ፥ በአስቄጥስ በረሓ በሱርያን ገዳም የነበሩትን የኢትዮጵያ መነኮሳት ክፍል አይቶ ነበር። በ1849 ባሳተመው መጽሐፉ የመነኮሳቱ መጻሕፍት በመደርደሪያ ላይ እንዳልነበሩ፥ እያንዳንዱ በቈዳ ማኅደሩ ሆኖ በግድግዳው ላይ ከተተከሉ ረዣዥም እንጨቶች በማንገቻው ተንጠልጥሎ እንደ ነበረ ጽፏል። መጻሕፍት በመደርደሪያ ቆመው ማየት ለለመደው ለእርሱ እንግዳ ነገር ሆኖበታል።

እንግዲህ የቆመውንና የተሰቀለውን በድልቅልቅ ጊዜ እናነጻጽር። የቆመ ዕቃ መውደቅና አለመውደቁ የሚታወቀው ቁመቱን ከስፋቱ ጋራ በመመዘን ነው። ቁመቱ የስፋቱን ሦስት ዕጥፍ የሆነ ሳጥን፥ ምድር ወደ ጎን የምትገፋው ኃይል የክብደቱን ሢሶ ሲደርስ ከአንድ ወገን እግሩ መነሣት ይጀምራል። ከላይ ከባድ ዕቃ ቢጫንበት ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ ይነሣል። የተሰቀለ ዕቃ ግን አስቀድሞ በሚገኝበት የመጨረሻ ቦታ ላይ ነው፤ ቢወዛወዝ ተመልሶ ወደ ቦታው ይመጣል። ማንገቻው ካልተበጠሰና እንጨቱ ካልተነቀለ በቀር የሚወድቅበት ምክንያት የለም፤ ቢወድቅም መጽሐፉን ማኅደሩ ይቀበለዋል። ይህን ስንል ሁሉ ነገር ይሰቀል ማለታችን አይደለም፤ ከባድ ነገር ከመኝታ በላይ መስቀል ሞትን ከራስ በላይ ማንጠልጠል ነው።

ስለ ቤቱም አንድ ቃል መጨመር ያስፈልጋል፤ ግድግዳው ከወደቀ በእርሱ ላይ የታሰረው ሁሉ አብሮ ይወድቃልና። በጭቃ ብቻ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ ለድልቅልቅ ደካማ ነው። በምሰሶ፥ በማገርና በልጥ የታሰረ ቤት ግን ዘመም ይላል እንጂ ወዲያው አይናድም። የቀድሞ አናጢዎቻችን ድንጋዩንና እንጨቱን ማጋባት ያውቁ ነበር። ከላሊበላ በስተ ሰሜን በዋሻ ውስጥ የተሠራውን ይምርሐነ ክርስቶስን ያየ ሰው፥ በግድግዳው ዙሪያ አንድ ረድፍ እንጨት አንድ ረድፍ ድንጋይ እየተፈራረቀ እንደ መቀነት ሲዞር ተመልክቷል። በደብረ ዳሞም እንዲሁ ነው። እንደዚህ ያለ የእንጨት መቀነት በቱርክና በካሽሚር ተራሮች፥ ምድር በምትናወጥበት አገር፥ ሰዎች ግድግዳቸውን የሚያስሩበት ብልኀት ነው። በላሊበላ ቤተ አማኑኤል ስንደርስ ግን ያ መቀነት በዓለቱ ላይ ተቀርጾ እናገኘዋለን። ዓለቱ አንድ ስለ ሆነ ማሰሪያ አላስፈለገውም፤ ቀራጮቹ ግን የአባቶቻቸውን ማሰሪያ ለጌጥ አስቀሩት።

በውጭ አገር የሆነውም ለእኛ ትምህርት የሚሆን አለበት። በ1748 ዓ.ም. በጥቅምት ወር፥ ምዕራባውያን የቅዱሳንን ሁሉ በዓል በሚያከብሩበት ቀን፥ የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝቦን ተናወጠች። ሕዝቡ በየቤተ ክርስቲያኑ ተሰብስቦ፥ ሻማው ሁሉ በርቶ ነበር። የወደቀው ሻማና የምድጃው እሳት መጋረጃውንና እንጨቱን ያዘ፤ ከተማዪቱ ለቀናት ነደደች፤ የንጉሡም ቤተ መጻሕፍት ጠፋ። ነሐሴ 26 ቀን 1915 ዓ.ም. በጃፓን አገር በቶኪዮና በዮኮሃማ ምድር የተናወጠችው ቀትር ሊሆን ጥቂት ሲቀረው፥ ሰው ሁሉ ምሳውን ሲያበስል ነው። ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ሞተ፤ የሚበዛው የሞተው በእሳቱ ነው። ጧፍ የሚበራበት፥ ጽና የሚታጠንበት፥ መጋረጃ የሚዘረጋበት ቤት ይህን ታሪክ ከሌላው ይልቅ በቅርብ ሊሰማው ይገባል። መብራቱን ሰፊ እግር ባለው መቅረዝ ላይ አድርጎ ከመጋረጃው ማራቅ ዋጋ የማያስከፍል ነገር ነው።

ለላሊበላ ሰው ደግሞ ኢየሩሳሌም ሩቅ አይደለችም። ሐምሌ 4 ቀን 1919 ዓ.ም. ምድር በዚያ በተናወጠች ጊዜ የጎልጎታው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ተጐዳ፤ የእኛም መነኮሳት በዴር ሡልጣን በዚያው ጣሪያ ላይ የሚኖሩ ናቸው። በቅዱስ መቃብሩ ላይ የተሠራችውም ትንሽ ቤት እንዳትፈርስ በ1939 ዓ.ም. እንግሊዞች በብረት አሰሩዋት፤ ታድሳ ብረቱ የተነሣላት በ2009 ዓ.ም. ነው። ሰባ ዓመት ሙሉ ተሳላሚው የጌታን መቃብር በብረት እንደ ታሰረ ተሳለመ። ጊዜያዊ ተብሎ የተደረገ ማሰሪያ ምን ያህል ሊቈይ እንደሚችል ከዚህ ይታወቃል።

በእኛ ዘመን የቤታችን ዕቃ ተለውጧል። ቁም ሳጥን፥ የብርጭቆ ሳጥን፥ የመጻሕፍት መደርደሪያ፥ ማቀዝቀዣና ቴሌቪዥን በገጠሩም በከተማውም ገብተዋል፤ ሁሉም በቁመት ረዥም በእግር ጠባብ ናቸው። ሰው ሻንጣውንና ድስቱን ከቁም ሳጥኑ ጫፍ ላይ ይከምራል፤ አልጋውንም ከሥሩ ያደርጋል። ምድር በሚናወጥበት አገር የሚኖሩ ሕዝቦች፥ ይልቁንም ጃፓኖች፥ ይህን በመከራ ተምረው ረዥሙን ዕቃ ከጫፉ በብረት ማጠፊያ ወይም በጠፍር ከግድግዳው ጋራ ያስሩታል። ማሰሪያው የሚገባው በልስኑ ሳይሆን በምሰሶው ወይም በኮንክሪቱ ነው፤ በልስን የተመታ ምስማር ራሱን እንኳ አይሸከምምና። ከባዱን ከታች፥ ቀላሉን ከላይ ማድረግ፤ መዝጊያው እንዳይከፈት መቀርቀሪያ ማድረግ፤ በመደርደሪያው ከንፈር ላይ ዕቃውን የሚያግድ ቀጭን እንጨት መምታት፤ አልጋን ከመስኮትና ከረዥም ዕቃ ማራቅ፤ ይህ ሁሉ አንድ አናጢ በግማሽ ቀን የሚፈጽመው ነው። ከተሞቻችን ለፎቅ ቤት አሠራር የምድርን መናወጥ የሚመለከት የግንባታ ደንብ አላቸው፤ ቁም ሳጥኑን ማሰር ግን የባለቤቱ ፈንታ ነው።

በሙዚየም የሚሠሩ ሰዎች የሸክላውን ዕቃና ምስሉን በቦታው ለማጽናት ከሥሩ ጥቂት ሰም ያደርጋሉ። ሰሙ ከታች ሆኖ አይታይም፤ ከላይ ያለው ውድ ዕቃ ግን በእርሱ ጸንቶ ይቆማል። የቅኔ ተማሪ ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ በእርሱ ዘንድ ሰሙ በላይ፥ ወርቁ በታች ነበርና።

የገዳማቱ ግምጃ ቤት ጉዳይ ግን ከሰም የሚበልጥ አሳብ ይፈልጋል። በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔ ዓለም አፍሮ አይገባ የተባለው መስቀል ተሰርቆ፥ በ1993 ዓ.ም. ከተመለሰ ወዲህ፥ ሰው ሁሉ ለቅርስ የሚያስበው ስለ ሌባ ነው። በዚህም ምክንያት በየስፍራው መጽሐፉ ከኩላቡ ወርዶ በቁልፍ በሚዘጋ ረዥም ሳጥን ውስጥ እየተደረደረ ነው። ከሌባ መጠበቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ያ ሳጥን ሳይታሰር ከቆመ፥ ቀድሞ አንድ በአንድ ተንጠልጥለው የነበሩትን መጻሕፍት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይዞ ይወድቃል። መንበሩም ቢሆን እንዲሁ ነው። በላሊበላ ቤተ ሥላሴ ሦስቱ መናብርት ከዓለቱ ጋራ አንድ ሆነው የተፈለፈሉ ናቸው፤ በሌሎቹ አብያተ ክርስቲያናት ግን በራሳቸው የሚቆሙ፥ በንጉሥ ላሊበላ ስም የተጻፈባቸው የእንጨት መናብርት አሉ። ስለ እነዚህ አኗኗር ሥልጣኑ የካህናቱ ስለ ሆነ፥ እኛ ከዚህ አልፈን አንናገርም።

በተራ ቤት የሚደረገው ማሰሪያ በዓለት ቤት የሚከለከልበት አንድ ምክንያት አለ። በ1970 ዓ.ም. የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጽፈዋል፤ ባይጻፉም እንኳ የቅዱሱን ቤት ግድግዳ በመሰርሰሪያ መብሳት፥ ብረትም መምታት የሚደፍር የለም። የላሊበላ ዓለት ብዙ ስንጥቅ አለበት፤ ቀዳዳውም የዝናም ውሃ መግቢያ ይሆናል። በአሸተንም ይህ ጥንቃቄ የሚያንስ አይደለም። ስለዚህ በዓለት ቤት ዕቃን ለማጽናት ሌላ መንገድ ይፈለጋል። ሁለት ረዣዥም ሳጥኖችን ጀርባ ለጀርባ አጋጥሞ በብሎን ማያያዝ ስፋታቸውን እጥፍ ያደርገዋል። ግድግዳውን ሳይነካ በአራት እግር በራሱ የሚቆም፥ ወርዱ ሰፊ የሆነ የወይራ መዋቅር ሠርቶ በእርሱ ላይ ማኅደሩን በማንገቻው መስቀልና መዋቅሩን በቁልፍ በሚዘጋ የእንጨት ፍርግርግ መክበብ፥ የአባቶችን ልማድና የዛሬውን ጥበቃ በአንድ ያገናኛል። ይህም ካልተቻለ ቁመቱ ከወርዱ የማይበልጥ ሳጥን ይበጅ፤ ወለሉ ርጥበት እንዳይሰጠው ከሥሩ አጭር እግር ይደረግለት፤ መስቀሎቹም በጨርቅ ተጠቅልለው እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው ይተኙ፤ በላዩም ምንም አይጫን።